ዕርዳታው ሲቆረጥ የፍየል ዋጋ ለምን ይወርዳል? ከካፉሪ እስከ መተማ ያለው ስሌት

(ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካፉሪ ሲባል ነጋዴ መጀመሪያ የሚታየው ቪላ ነው። ከካርቱም መሀል ጥቁር ዓባይን ተሻግሮ በባህሪ በኩል ያለው ይህ ሰፈር ለዓመታት የባለሥልጣንና የባለጸጋ መኖሪያ ነበር፤ የቀድሞው ፕሬዚዳንት የዑመር አል በሺር ቤተሰብም እዚያው ይኖር ነበር። ስሙ የመጣው ግን ከቪላ አይደለም። የካፉሪ ቤተሰብ በዚህ መሬት ላይ ለከተማዋ ወተት የሚያቀርብ ሰፊ የላም እርባታ ነበረው። ጎረቤቱ ሂላት ኩኩም እስከ ጦርነቱ ድረስ የወተት አምራቾች ሰፈርና የሱዳን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ መቀመጫ ነበር። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲም እዚያው ባህሪ፣ ሻምባት ነው። የሱዳንን ከብት የሚያክም ሐኪም በብዛት የተማረው ከዚህ ወንዝ ዳር ነው።

ጦርነቱ ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ሲፈነዳ ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ካፉሪን ያዘ፤ ለሁለት ዓመት ገደማም ሳይለቅ ቆየ። በዙሪያው ያሉ የወተት ላሞች መኖና መድኃኒት አጥተው አለቁ፣ ተዘረፉ፣ ወይም ባለቤቶቻቸው በተገኘው ዋጋ ለሥጋ ሸጧቸው። የሱዳን ጦር ካፉሪን መልሶ መያዙን ያስታወቀው የካቲት 8 ቀን 2025 ነው። በዚያው ሰሞን ግን በባህሪና በካርቱም ሰፈሮች ሌላ ነገር እየተዘጋ ነበር። ይህን የዘጋው ከዋሽንግተን የወጣ አንድ ወረቀት ነው።

ጥር 20 ቀን 2025 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ለውጭ አገር የሚሰጥ የልማት ዕርዳታ ለ90 ቀናት እንዲቆም የሚያዝ ትእዛዝ ፈረሙ። ከአራት ቀን በኋላ በየአገሩ ያሉ ፕሮጀክቶች «ሥራ አቁሙ» የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። መጋቢት 10 ቀን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማርኮ ሩቢዮ ከዩኤስኤአይዲ ፕሮግራሞች 83 በመቶው መሰረዛቸውን አስታወቁ፤ ሐምሌ 1 ቀን ድርጅቱ ራሱ ተዘጋ። አሜሪካ ብቻዋን አይደለችም። ብሪታንያም በየካቲት 2025 ዕርዳታዋን ከአገራዊ ገቢዋ 0.5 በመቶ ወደ 0.3 በመቶ በ2027 እንደምታወርድ ተናግራለች፤ ሌሎች የአውሮፓ መንግሥታትም ቀንሰዋል።

ሱዳን ላይ ምቱ ከባድ የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። በ2024 ለሱዳን ከተሰጠው ሰብዓዊ ዕርዳታ ከአሥሩ እጅ አራት የሚበልጠው የአሜሪካ ነበር። ካርቱም ውስጥ ይህ ገንዘብ መልኩ ድስት ነው። «የድንገተኛ ምላሽ ክፍሎች» የሚባሉት የሰፈር ወጣቶች ከዓለም አቀፍ ድርጅቶች የሚደርሳቸውን ገንዘብ በባንካክ፣ ነጋዴው ሁሉ በሚያውቀው በዚያው የስልክ ባንክ፣ እየተቀበሉ ፉል፣ ምስርና ገንፎ ቀቅለው ያድሉ ነበር። ትእዛዙ በወጣ በሳምንታት ውስጥ ከ1,100 በላይ የሚሆኑ እንዲህ ያሉ የጋራ ኩሽናዎች ተዘጉ፤ በአገሪቱ ከነበሩት አምስቱ እጅ አራቱ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ የከብት ነጋዴ «ታዲያ እኔን ምን አገባኝ? እኔ የምሸጠው ሰንጋ እንጂ ምስር አይደለም» ማለቱ አይቀርም። ነገሩ ግን ያገባዋል፤ የሚያገባውም በሁለት በኩል ነው። አንዱ ወዲያው ይታያል። ሌላው ዓመታት ይፈጅና የሚታይ ቀን ገበያውን በሙሉ ይዘጋል።

ፍየሏ በስንት ጆንያ?

ወዲያው ከሚታየው እንጀምር። አርብቶ አደርም ሆነ የከተማ ዳር ቤተሰብ ፍየል የሚያረባው እንደ ባንክ ደብተር ነው። እህል ሲወደድ አንዷን አውጥቶ ይሸጣል። ስለዚህ ለእሱ የፍየሏ ትክክለኛ ዋጋ በፓውንድ ወይም በብር አይነገርም፤ በጆንያ ዱራ ነው። እንበልና አንድ ቤተሰብ አሥር ፍየል አለው፤ በወር አንድ ጆንያ ማሽላ ይበላል። አንድ ፍየል ሁለት ጆንያ የምትገዛ ከሆነ በሁለት ወር አንድ ብቻ ይሸጣል፤ አሥሩ ፍየል፣ ሳይወልዱ እንኳ፣ ሃያ ወር ያኖሩታል። አንድ ፍየል ግማሽ ጆንያ ብቻ ስትገዛ ግን በወር ሁለት መሸጥ አለበት፤ በአምስት ወር በረቱ ባዶ ይሆናል።

ኩሽናው ሲዘጋ፣ የስንዴው ወይም የማሽላው ዕደላ ሲቀር፣ የሚሆነው ይኸው ነው። ትናንት ግማሽ ምግቡን ከዕርዳታ ያገኝ የነበረ ቤተሰብ ዛሬ ሙሉውን ከገበያ መግዛት አለበት። የእህሉ ዋጋ ይወጣል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ፍየሉን እየጎተተ ስለሚመጣ የፍየሏ ዋጋ ይወርዳል። ነጋዴው በመጀመሪያው ወር ደስ ይለዋል፤ ርካሽ ከብት ነውና ይጭናል። በሦስተኛው ወር ወደ ገበያ የሚመጡት ግን ሙክቶች አይደሉም፤ እርጉዝ ፍየሎችና ጊደሮች ናቸው። መራቢያዋን የገዛ ነጋዴ የሚቀጥለውን ዓመት ዕቃውን እየበላ ነው። በ2026 ወይም በ2027 «ከብት ጠፋ» ሲባል ምክንያቱን ከዝናብ ብቻ መፈለግ ስሕተት ይሆናል።

ይህን ስሌት ለነጋዴው ይሠራለት የነበረ አንድ ድርጅት ነበር። ፊውስ ኔት ይባላል። በኢትዮጵያና በሱዳን ከደረሰው የ1984 ረኀብ በኋላ፣ በ1985፣ በአሜሪካ ዕርዳታ የተቋቋመ የረኀብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ነው። የገዳሪፍን የማሽላ ዋጋ፣ የየከተማውን የፍየልና የበግ ዋጋ እየሰበሰበ በየወሩ ያወጣ ነበር። የሚያነበው የዕርዳታ ሠራተኛ ብቻ አልነበረም። የእህል ነጋዴውም፣ የከብት ነጋዴውም፣ በስልክ ከደላላ የሚሰማውን ዋጋ ከዚያ ጋር ያመሳክር ነበር። በጥር 2025 መጨረሻ ድረ ገጹ በአንድ ጊዜ ጠፋ። መመለስ የጀመረው በዓመቱ አጋማሽ ነው። በእነዚያ ወራት ሱዳን የረኀብ አገር ነበረች፤ ገበያውም ያለ መብራት የሚነዳ መኪና ሆኖ ነበር። ዋጋ በማይታይበት ገበያ የሚያተርፈው ደላላ ነው። ከሩቅ የሚመጣው ነጋዴ፣ በተለይም ከመተማ ተሻግሮ በጋላባት በኩል ገዳሪፍ የሚገባው፣ የሚነገረውን አምኖ ይሸጣል። (ያ መንገድ ራሱ ከመስከረም 2024 መጀመሪያ ጀምሮ በአማራ ክልሉ ግጭት ሳቢያ ሲዘጋና ሲከፈት የከረመ ነው፤ እሱ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

ዘግይቶ የሚመጣው

ሁለተኛው ጉዳት ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው፤ የከብት ነጋዴ ከምንም በላይ ሊፈራው የሚገባውም እሱን ነው። ከካፉሪ ወንዙን ተሻግሮ በካርቱም ደቡብ፣ ሶባ ላይ፣ የሱዳን ማዕከላዊ የእንስሳት ሕክምና ምርምር ላቦራቶሪ አለ። ለአገሪቱ ክትባት የሚያመርተውና የላኪውን በግ ደም የሚመረምረው እሱ ነበር። ጦርነቱ ከሥራ አስወጣው። ከዚያ በኋላ የሱዳን ከብት የሚከተበው ከውጭ በሚገዛ ክትባት ነው፤ ክትባቱን በብዛት የሚያመጣው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ፋኦ ነው፤ ፋኦ ደግሞ የሚሠራው ለጋሾች በሚሰጡት ገንዘብ ነው። በፋኦ ውስጥ ድንበር ዘለል የእንስሳት በሽታዎችን የሚከታተለው የድንገተኛ ማዕከል ለዓመታት በአብዛኛው የኖረው በዩኤስኤአይዲ ገንዘብ ነበር። ላቦራቶሪውን ጦርነት ወሰደው፣ ምትኩን ደግሞ የበጀት ቅነሳ።

ለምን ያስፈራል ለሚል፣ ሩቅ ሳይሄድ የደስታ በሽታን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በአገራችን «ክፉ ቀን» የሚባለው ከ1888 እስከ 1892 የነበረው ረኀብ የጀመረው ይህ በሽታ የቀንድ ከብቱን ከጨረሰ በኋላ ነው። በሬ ሲያልቅ የሚያርስ ጠፋ። ከሰባ ዓመት በኋላ፣ ከ1962 እስከ 1976፣ የአፍሪካ አገሮች በለጋሾች ገንዘብ «የጋራ ፕሮጀክት 15» በሚባል ዘመቻ ከብታቸውን በሚሊዮን አስከተቡ። በሽታው ጠፋ እስኪባል ድረስ ቀነሰ። ገንዘቡም ያኔ ቆመ፤ «አልቋል» ተባለ። አላለቀም ነበር። በኢትዮጵያና በሱዳን ቆላዎችና በምዕራብ አፍሪካ ጥቂት ኪሶች ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ፣ ክትባቱ ሲሳሳ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ እንደ ሰደድ እሳት ተነሣ። ናይጄሪያ ብቻዋን በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ከብቶች አጣች።

ከዚያ በ1986 በአውሮፓ ገንዘብ አዲስ ዘመቻ ተጀመረ፤ ማቀዝቀዣ የማይፈልግ ክትባት ተሠራ፤ ክትባቱን በጀርባው ተሸክሞ የሚሄድ የማኅበረሰብ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ከራሱ ከአርብቶ አደሩ ተመረጠ። በአፋር በ1994 ሃያ ያህል እንዲህ ያሉ ሰዎች ከ70 ሺሕ በላይ ከብት ከተቡ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው በ1995 ነው። በደቡብ ሱዳንም ጦርነቱ እየተካሄደ ተከተበ። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ «ጦርነት ስላለ አይቻልም» የሚባለው እውነት ስላልሆነ። በ2011 ዓለም ከደስታ በሽታ ነፃ ተባለች። ከከብት በሽታዎች እስካሁን እንዲህ የጠፋው እሱ ብቻ ነው።

አሁን በተራው ያለው የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ፣ ፒፒአር፣ ነው። በ2030 ይጥፋ ተብሎ በ2015 የተጀመረ ዘመቻ አለ። ገንዘቡ የተቆረጠው ልክ በመንገዱ መሀል ነው፤ ማለትም በ1976 በቆመበት ዓይነት ቦታ።

ይህ በሽታ ለነጋዴው ከሞተው በግ ይልቅ በሚመለሰው መርከብ ይከብዳል። የሱዳን በግ ገዢ በዋነኛነት ሳውዲ አረቢያ ናት። በመስከረም 2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሳውዲና የመን ሲገባ የአፍሪካ ቀንድ ከብት ለዓመታት ታገደ፤ ለሶማሌ ነጋዴ እገዳው የተነሣው በ2009 ነው። በ2019 በሽታው በሱዳን ቀይ ባሕር አካባቢ ታየ፤ የላኪው በር ተዘጋ፤ በ2020 ደግሞ የበጎቹ የክትባት መከላከያ በቂ አይደለም ተብሎ የጫኑ መርከቦች ከጅዳ ተመለሱ። ጅቡቲ ያለው የከብት ማቆያ ኳራንቲንም በ2006 የተከፈተው ይህንን ችግር ለመፍታት በዩኤስኤአይዲ ገንዘብ ነው። ዛሬ በዚያ በኩል በግ የሚልክ ነጋዴ በዕርዳታ የተሠራ ግቢ ውስጥ ያልፋል፤ «ዕርዳታ አልበላም» ቢልም።

አንድ ንጽጽር ነገሩን ይገልጠዋል። የትራምፕ ትእዛዝ ከመውጣቱ አሥር ቀን ቀደም ብሎ፣ ጥር 10 ቀን 2025፣ በበርሊን አቅራቢያ በአንድ ትንሽ የጎሽ መንጋ ላይ አፍተግር ተገኘ። ጀርመን ከ1988 ወዲህ አይታው አታውቅም። ብሪታንያና ደቡብ ኮሪያ ወዲያው ሥጋዋን አገዱ። መንጋው ተወገደ፣ አካባቢው ታጠረ፣ በሺዎች የሚቆጠር የደም ናሙና ተመረመረ፤ በሦስት ወር ገደማ አገሪቱ ከበሽታው ነፃ የሚለውን ስሟን መልሳ አገኘች። ልዩነቱ አንድ ነው፤ የጀርመን የእንስሳት ሐኪም ደሞዝ ከራሱ መንግሥት በጀት ይወጣል።

ሃምሳ ሺሕ ዶላርና ሃያ ሺሕ ከብት

ከዕርዳታ ሁሉ ነጋዴውን በቀጥታ የነካው፣ ከሁሉም በላይ መጠናት የሚገባው፣ የሞያሌው ነው። በ2006 መጀመሪያ በደቡብ ኢትዮጵያ ድርቅ ጸናና የቦረና ከብት መክሳት ጀመረ። የተለመደው መንገድ ከብቱ ከሞተ በኋላ እህል በመኪና ማምጣት ነው። በዚያ ጊዜ ግን በዩኤስኤአይዲ ገንዘብ የሚሠራ አንድ ፕሮጀክት ሌላ ነገር ሞከረ። ነጋዴዎችን ከመሀል አገር ወስዶ ከብቱን አሳያቸው፤ ለሁለት ነጋዴዎች ለእያንዳንዳቸው 25,000 ዶላር ብድር ሰጠ። ነፃ ስጦታ አይደለም፣ የሚመለስ ብድር ነው።

ነጋዴዎቹ 20,000 ያህል ከብት ገዙ። የግዢው ዋጋ 1.01 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ለአንድ ራስ ወደ 50 ዶላር። ገንዘቡ 5,405 ቤተሰቦች እጅ ገባ፤ በአማካይ ለአንድ ቤተሰብ ወደ 187 ዶላር። ቤተሰቡ በዚያ ገንዘብ እህል ገዛ፣ ለቀሩት ከብቶች መኖና መድኃኒት ገዛ፣ የተቀሩትንም ወደ ሌላ ግጦሽ አጓጓዘ። በኋላ ያጠኑት ባለሙያዎች ለአንድ ዶላር የዕርዳታ ወጪ የተገኘውን ጥቅም ወደ 41 ዶላር ገምተውታል።

በዚህ ስሌት ውስጥ የሚገርመው የብድሩ ማነስ ነው። 50,000 ዶላር ብድር ከ1 ሚሊዮን በላይ ግዢ አንቀሳቀሰ፤ አሥራ ዘጠኙ እጅ የነጋዴው የራሱ ገንዘብ ነው። ዕርዳታው ያደረገው ነጋዴውን ከብቱ ያለበት ቦታ ማድረስና የመጀመሪያውን ሥጋት መጋራት ነው። ከብቱ በሕይወት እያለ ተሸጠ፤ ለአውሬ የሚቀር ሬሳ አልሆነም። በካርቱም ዙሪያ በ2025 የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው፤ ዕርዳታው ወጣ፣ ቤተሰቡ ለመሸጥ ተገደደ፣ ገዢው ግን በኬላና በጥይት ምክንያት አልደረሰም።

እውነቱን ለመናገር ቆራጮቹም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። የአፍሪካ መንግሥታት በ2003 ማፑቶ ላይ ከበጀታቸው 10 በመቶውን ለግብርና እናውላለን ብለው ፈርመው ነበር፤ ያደረጉት ጥቂቶች ናቸው። የሱዳን መንግሥት ከበግ ወጪ ንግድ ዶላር እየሰበሰበ የበጉን ክትባት ለለጋሽ ሲተው ኖሯል። ኢትዮጵያም ያንኑ አድርጋለች፤ ትእዛዙ በወጣ በሳምንታት ውስጥ የጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 የጤና ሠራተኞችን ማሰናበቱ የጥገኝነቱን ጥልቀት ያሳየ ነው። ካርቱምም ዕርዳታ ሲቆረጥ የመጀመሪያዋ አይደለም። አሜሪካ በ1993 ሱዳንን ሽብርን ከሚደግፉ አገሮች መዝገብ ስታስገባ ልማቱ ቆሟል፤ ከጥቅምት 2021 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ 700 ሚሊዮን ዶላር ታግዷል። የሱዳን ሰው በ1984ና 85 የመጣውን የአሜሪካ ማሽላ «የሬገን ዱራ» ብሎ ነበር፤ የሚሰጥ እጅ ስም እንዳለው፣ እንደሚሄድም ያውቃል።

ስለዚህ ጥያቄው ዕርዳታ ለዘላለም ይኑር አይኑር አይደለም። የክትባት ሥራ በአምስት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ መንግሥትና ወደ ነጋዴ ሊዛወር ይችል ነበር። በአራት ቀን ደብዳቤ ሲቆም ግን የሚረከብ የለም። ጉዳቱ ከገንዘቡ ማነስ ይልቅ ከፍጥነቱ ነው። የውጭ ዕርዳታ ከአሜሪካ መንግሥት ወጪ ውስጥ 1 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑ ሲታሰብ ጥድፊያው ለበጀት ቁጠባ ነው የሚለው ምክንያት ብዙ አያሳምንም።

ለነጋዴው የቀረው የራሱ ስሌት ነው። እንበልና 500 በግ ይጭናል። ክትባትና የደም ምርመራ በራስ አንድ ዶላር ቢያስወጣው 500 ዶላር ነው። ጭነቱ ከወደብ ቢመለስ ደግሞ በራስ 20 ዶላር ቢከስር 10,000 ዶላር ነው። ከሃያ ጉዞ አንዱን መመለስ ካስቀረለት ወጪው ተመለሰ። ከኮርዶፋን እስከ ኦምዱርማን፣ ከመተማ እስከ ገዳሪፍ በየኬላው ለታጠቀ ሰው ያለ ደረሰኝ የሚከፈለው ሲደመር ከዚህ ያነሰ መሆኑን የሚምል ነጋዴ አይገኝም።

ችግሩ አንድ ነጋዴ ብቻውን ቢከፍል የጎረቤቱ በግ በሽታውን ይዞ በዚያው ገበያ መቆሙ ነው። ስለዚህ የሚያዋጣው በማኅበር ሆኖ መክፈል ነው። ክትባት አለ፤ ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች ይሸጣል፤ የአፍሪካ ኅብረት የክትባት ጥራት መርማሪ ማዕከል ፓንቫክም እዚያው ከተማ ነው። ከመተማ ሰሜን ምዕራብ ለሚሸጥ ነጋዴ ከጅዳም ከናይሮቢም ይቀርባል።

እስከዚያው ከአረፋ ገበያ በፊት በግና ፍየል የሚገዛ ሰው ሻጩን አንድ ነገር ቢጠይቅ ይበጀዋል፤ መቼ ተከተበ? ማኅተም ያለው ወረቀት ብቻውን አይበቃም፤ ቀኑ ያስፈልጋል። ክትባቱ መከላከያ ለመስጠት ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ ትናንት ተከትቦ ዛሬ የተጫነ በግ ወደብ ላይ ደሙ ሲመረመር እንዳልተከተበ ይቆጠራል። ቀኑን የማያውቅ ሻጭ ከሆነ ዋጋውን ዝቅ ማስደረግ፣ ወይም በጎቹን ለሁለት ሳምንት በራስ ግቢ ለይቶ አስከትቦ ማቆየት ይቻላል። የመኖው ወጪ ከመርከቡ ኪራይ ያንሳል።